ሰውና ተፈጥሮ በሆላንድ ሠዓሊያን ሸራ ላይ፤ ከፊንጫ ሐይቅ ዳር ሆነን ስናየው

መግቢያ

በዚህ እትም ስለ ሆላንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል ጥቂት ላወጋችሁ ነው። «የነቀምቴን ተማሪና የሆላንድን ሥዕል ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ላይ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ከማገናኛው ልጀምር።

ባለፈው ዓመት በሥዕል ኮርስ ላይ «የአካባቢያችሁን ተፈጥሮ ሥላችሁ አምጡ» ተባልን። ከክፍላችን ልጆች ገሚሱ የነቀምቴን ኮረብቶች፣ ገሚሱ የዴዴሳን ሸለቆ ሣለ። አንዷ የደምቢ ዶሎ ልጅ ደግሞ የቱሉ ወለልን ተራራ ይዛ መጣች። እኔ የእናቴ ዘመዶች ሆሮ ጉዱሩ ስለሆኑ የፊንጫን ሐይቅ መረጥኩ። ሰማያዊ ውሃ፣ ከበስተኋላው ተራራ፣ ከላይ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ በቃ። አምሮ ነበር፤ ቢያንስ ለእኔ። ውጤቱም አልከፋም።

ሥዕሉን ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ሳለ የእናቴ አጎት ለሕክምና ነቀምቴ መጡና እኛ ቤት አረፉ። ሥዕሉ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት። «አባባ፣ አወቁት? ፊንጫ ነው እኮ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን መሐል ውሃው ላይ አሳርፈው በኦሮምኛ የነገሩኝ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «እዚህ ጋ የአባቴ ከብቶች ይውሉ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ የጠበቅኳቸው እዚሁ ነው። ውሃውን አሳምረህ ሥለኸዋል ልጄ። እኛስ የት ነን?»

መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር ትንሽ አፈርኩ። «ተፈጥሮ ሣሉ» ስንባል ሰውን፣ ከብቱን፣ ማሳውን ሁሉ አውጥተን ውሃና ተራራ ብቻ የምንሥለው ለምንድነው? ይህ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣ ስላለ ላይብረሪ ገብቼ የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍትን ማገላበጥ ጀመርኩ። ደጋግሞ ያጋጠመኝ እ.ኤ.አ. የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ሥዕል ነው። በነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ምድሪቱ ራሷ የሰው እጅ ያረፈባት መሆኗ ከሸራው ላይ በግልጽ ይነበባል። ለእኛ ለወለጋ ልጆች ይጠቅመናል ብዬ የማምነውም ይህንኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ «ላንድስኬፕ» የሚባለው ቃል የተወረሰው ከሆላንዶች ቋንቋ ከደች ነው። እነሱ «ላንትስኻፕ» ይሉታል። ቃሉ በጥንቱ አጠቃቀም ባዶ ሜዳ ማለት አልነበረም፤ ሰዎች የሚኖሩበትንና የሚያስተዳድሩትን አንድ አካባቢ፣ እኛ አገር ወይም ወረዳ እንደምንለው ያለውን የሚያመለክት ነበር። ቆይቶ ሠዓሊዎች የዚያን አካባቢ ሥዕል በዚሁ ስም መጥራት ጀመሩ። እንግሊዞችም ሥዕሉን ሲገዙ ስሙን አብረው ወሰዱት ማለት ይቻላል።

በአማርኛ «መልክዓ ምድር» እንላለን። የምድር መልክ ማለት ነው። መልክ ደግሞ ዕድሜና ኑሮ የሚታይበት ነገር ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋዎች ቃሉን በትክክል ካየነው ሰው ከውስጡ አልወጣም። ያወጣነው እኛ ነን።

ሆላንዶች መሬታቸውን መሣል የጀመሩት ለምንድነው?

እንደሚታወቀው በቀድሞው የአውሮፓ ሥዕል ዋናው ጉዳይ ሃይማኖት ነበር። ተራራውና ዛፉ ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለ ማጀቢያ ነው። ሆላንድ ውስጥ ይህ እንዲለወጥ ያደረጉ ቢያንስ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ሃይማኖት ነው። በ1566 በዝቅተኛዎቹ አገሮች የተነሱ ፕሮቴስታንቶች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ገብተው ምስሎችን ሰባበሩ። በኋላም የካልቪን ተከታዮች የቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎችን ነጭ ቀቧቸው። ይህን ለመረዳት የነቀምቴ ወይም የጊምቢ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሥዕል ያልበዛበት ግድግዳ ምን እንደሚመስል ያውቃል። (ሉተራውያን በሥዕል ጉዳይ የካልቪንን ተከታዮች ያህል ጥብቅ እንዳልነበሩ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም።) እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማዘዝ ስታቆም ሠዓሊው ምን ይብላ?

ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ላይ ይመጣል፤ ገበያ ነው። ሆላንድ ከስፔን ንጉሥ ጋር ከ1568 እስከ 1648 ድረስ ለ80 ዓመት የተዋጋች አገር ናት። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በንግድ በለጸገች። ሥዕል የሚገዛው ንጉሥና ጳጳስ ብቻ መሆኑ ቀረና የከተማ ነጋዴው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ሌላ ሌላውም ባለሙያ ገዢ ሆነ። እንግሊዛዊው ጆን ኢቭሊን በ1641 ሮተርዳም ውስጥ በዓመታዊው ገበያ ላይ የሚሸጠው ሥዕል ብዛት እንዳስገረመው በማስታወሻው ጽፏል። እነዚህ ገዢዎች ቤታቸው ውስጥ መስቀል የፈለጉት የሚያውቁትን አገር ነው፤ ወንዙን፣ የአሸዋ ኮረብታውን፣ መንገዱን። ያን ፋን ኾየን (1596–1656) የሚባለው ሠዓሊ ቀለም እያሳሳ፣ ቡናማና ግራጫ እያበዛ፣ ፈጠን ብሎ ከ1,000 በላይ ሥዕሎችን ሠርቷል። ቀለሙ ሲሳሳ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ገዢውም ይበዛል። ሰውየው በትርፍ ጊዜው በቱሊፕ አበባ ንግድ ገብቶ ከሰረና ዕዳ ሳይከፍል ሞተ። ይሄ ሌላ ታሪክ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ለእኔ ዋናው፣ መሬቱ ራሱ ነው። ከኔዘርላንድ የቆዳ ስፋት ከሩብ የሚበልጠው ከባሕር ወለል በታች ነው። ሰዎቹ ግድብ ሠርተው፣ ቦይ ቆፍረው፣ በነፋስ ወፍጮ ውሃውን እየቀዱ እያፈሰሱ መሬት አወጡ። ለምሳሌ ቤምስተር የሚባለው ቦታ ሐይቅ ነበር። የአምስተርዳም ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ ከ40 በላይ የነፋስ ወፍጮዎች ተተክለው፣ በ1612 ሐይቁ ደርቆ ከ7,000 ሔክታር በላይ የእርሻና የግጦሽ መሬት ሆነ። ዩኔስኮ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው መስኮቱን ከፍቶ የሚያየው ሜዳ የአባቱ ሥራ መሆኑን ያውቃል። «ተፈጥሮ» እና «ሰው» ብሎ ሁለት ቦታ መክፈል አይቀለውም።

አራት ሥዕሎች

ነገሩን በምሳሌ ብናየው ይሻላል። እኔ ያየኋቸው በመጽሐፍ ላይ ታትመው ነው፤ ዋናዎቹ ያሉት አውሮፓ ውስጥ ሙዚየሞች ዘንድ ነው።

የመጀመሪያው የሄንድሪክ አቨርካምፕ (1585–1634) የክረምት ሥዕል ነው። አቨርካምፕ መናገር የማይችል ሰው ነበር፤ «የካምፐን ከተማ ዲዳ» ተብሎ ይታወቅ ነበር። ቀዝቃዛ ዘመን ስለነበር ወንዙና ቦዩ በረዶ ይሆናል። ታዲያ ሕዝቡ ሁሉ በረዶው ላይ ይወጣል። ባለጸጋው ከነሚስቱ በሐር ልብስ ይንሸራተታል፤ ድሃው እንጨት ተሸክሞ ያልፋል፤ አንዱ ይወድቃል፤ አንዱ ዓሣ ያጠምዳል። ተፈጥሮ እዚህ ላይ ለሁሉም የተዘረጋ አንድ ወለል ሆኗል ማለት ነው። የነቀምቴ ገበያ ዋለ ብለን ከላይ ሆነን ብንሥለው እንዲህ ያለ ነገር ይወጣናል ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛው የያኮብ ፋን ራይስዳል (ከ1628/29 አካባቢ–1682) «ሃርለም ከተማ ከጨርቅ ማንጫ ሜዳዎቿ ጋር» የሚባለው ነው። የተሣለው በ1670 እና በ1675 መካከል ገደማ ነው፤ ዘ ሄግ ከተማ ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ይገኛል። ትንሽ ሥዕል ነው፤ 55 በ62 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከሸራው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ሰማይና ደመና ነው። ከሥር ቀጭን መሬት፣ አድማሱ ላይ የከተማዋ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን። መጀመሪያ ስታዩት «ባዶ አገር» ትላላችሁ። ቀረብ ስትሉ ግን ሜዳው ላይ ረጃጅም ነጫጭ መስመሮች አሉ። እነሱ ጨርቆች ናቸው። ሃርለም በዚያን ዘመን ከተልባ ተክል የሚሠራ ጨርቅ በማንጣት የታወቀች ነበረች። ሠራተኞቹ ጨርቁን እያጠቡ፣ በአሬራ እየዘፈዘፉ፣ ሣሩ ላይ ዘርግተው ለፀሐይ ይሰጡታል። አዎ፣ እኛ በምናውቀው አሬራ! ሰዎቹ በሥዕሉ ላይ ከጉንዳን አይበልጡም። ሥራቸው ግን ሜዳውን ሞልቶታል። ፀሐይዋ እንኳ ደመናውን ሰንጥቃ የምታርፈው እነሱ በሠሩበት ላይ ነው።

ሦስተኛው የራይስዳል ተማሪ የነበረው የማይንደርት ሆበማ (1638–1709) «የሚደልሃርኒስ ጎዳና» ነው። በ1689 የተሣለና ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለ ሥዕል ነው። መሐል ላይ ቀጥ ያለ የአፈር መንገድ፣ ግራና ቀኝ ረዛዥም ቀጫጭን ዛፎች፣ አናታቸው ላይ ብቻ ቅጠል ያላቸው። የእኛን ከተሞች መግቢያ ለሚያውቅ ሰው የተመለመለ ባሕር ዛፍ የቆመበት መንገድ ይመስለዋል። አንድ ሰው ከውሻው ጋር ወደ እኛ ይመጣል። በስተቀኝ ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የችግኝ ቦታ ይንከባከባል። በመንገዱ ዳርና ዳር ውሃ ማፋሰሻ ቦይ አለ። ይህ ሁሉ ዱር ሳይሆን በመስመር የተተከለ፣ የተመለመለ፣ የተቆፈረ አገር ነው። ችግኝ ኮትኳቹ ጥግ ላይ ቢሆንም የሥዕሉ ቁልፍ እሱ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ዛፎቹን ያሳደገው እንደሱ ያለ ሰው ነውና።

አራተኛው የፓውሉስ ፖተር (1625–1654) «ወይፈኑ» ነው። ፖተር ይህን ሥዕል በ1647 ሲሠራ ዕድሜው ገና 21 ወይም 22 ነበር። የሞተውም በ28 ዓመቱ ነው። ሥዕሉ ከ3 ሜትር በላይ ስፋት፣ ከ2 ሜትር በላይ ቁመት አለው። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሸራ በዚያን ጊዜ ለንጉሥና ለጦርነት ታሪክ ነበር የሚሰጠው። ፖተር ግን ለአንድ ወይፈን ሰጠው። ዝንቡ፣ እበቱ፣ ሣር ውስጥ ያለችው እንቁራሪት ሁሉ አለ። ከዛፉ ሥር እረኛው ቆሟል። የፈረንሳይ ጦር በ1795 ሥዕሉን ወደ ፓሪስ ወስዶት ነበር፤ በ1815 ተመለሰ። ዛሬ እሱም ማውሪትስሃውስ ነው ያለው። ከብት የሀብትም የክብርም መለኪያ በሆነበት፣ ለከብት በሚዘፈንበት አገር ያደግን እኛ ፖተር ለምን እንዲህ እንዳደረገ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። ሆሮ የሚለው ስም ራሱ በቀያዮቹ ከብቶቹ የታወቀ ነው።

የሆላንድ ሥዕል የደበቀው

እስከዚህ ድረስ ሳመሰግን ብቻ ቆየሁ። ነገር ግን እነዚህ ሠዓሊዎች ያዩትን ሁሉ እንዳለ ገልብጠዋል ብለን እንዳንሳሳት። የፖተር ወይፈን ከአንድ እንስሳ አልተሣለም፤ ዕድሜያቸው የተለያየ የከብቶች ንድፎች ተጣምረው ነው አንድ ወይፈን የሆኑት። ራይስዳል የሰሜን አገር ፏፏቴዎችን ደጋግሞ ሥሏል፤ የተማረው ግን ወደ ስካንዲኔቪያ ከሄደው ከአላርት ፋን ኤቨርዲንኸን ሥዕሎች ነው። ሰዎቹም ቢሆኑ አንዳንዴ በሌላ እጅ የገቡ ናቸው። በራይስዳልና በሆበማ አንዳንድ ሥዕሎች ውስጥ ያሉትን ሰዎች የሣላቸው አድሪያን ፋን ደ ፈልደ የሚባል ሌላ ባለሙያ ነው። ይህ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር አለ። ዛፉና ደመናው ካለቀ በኋላ እንኳ ሰው ካልገባበት ሥዕሉ አልተሟላም ብለው ያምኑ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ጭራሽ ያልተሣለው ነው። አዲስ የደረቁት፣ በቀጥታ መስመር የተከፋፈሉት መሬቶች በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ብዙም አይታዩም። ሠዓሊዎቹ የሚወዱት አሮጌ ዛፍ፣ የፈረሰ ግንብና ጠመዝማዛ መንገድ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ኑሮው የተቋረጠበት ዓሣ አጥማጅ በሸራው ላይ የለም። በ1602 የተመሠረተው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከእስያ ያመጣው ሀብት፣ ሆላንዶች የተሳተፉበት የባሪያ ንግድም በጸጥተኛው ሜዳ ላይ አይታዩም። ሥዕል የሚገዛው ገንዘብ ግን በከፊል ከዚያ ነበር የሚመጣው። እንግዲህ ማንኛውም የመልክዓ ምድር ሥዕል የሚያሳየውም የሚያስቀረውም አለው። የእኔም የፊንጫ ሥዕል እንዲሁ።

በእኛስ አገር?

በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው፣ ማለትም ቅዱሱ፣ ሸራውን ይሞላል። መልክዓ ምድር ግን የለም ማለት ይቻላል። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ነው። ዛፍ ወይም ኮረብታ ቢኖር ታሪኩን ለመንገር የገባ ምልክት ነው። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ታሪኩ የሚፈጸመው በእግዚአብሔር ፊት ስለሆነ የትኛው ኮረብታ ላይ እንደሆነ አስፈላጊ አልነበረም። በኋላ በመጡት የአድዋ ጦርነት ሥዕሎች፣ እንዲሁም እርሻን፣ አጨዳንና ውቂያን በሚያሳዩት ባህላዊ ሥዕሎች ምድር ትንሽ ቦታ አገኘች። አሁንም ግን ሰውና በሬው ትልቅ፣ ምድሪቱ ቀጭን መስመር ናት።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ካቋቋሙ ወዲህ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የተማሩ ሠዓሊዎች የመልክዓ ምድር ሥዕልን ከነአድማሱና ከነጥላው አመጡት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን ወደ ታች ወደ እኛ፣ ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ሲደርስ አንድ ነገር ከላዩ ተራግፎ ቀረ መሰለኝ። ለእኛ የደረሰን የካላንደርና የፖስት ካርድ ተፈጥሮ ነው፤ ሰው የሌለበት ፏፏቴ፣ ሰው የሌለበት ሐይቅ፣ የምትጠልቅ ፀሐይ።

አሁን ወለጋን በሆላንዶቹ ዓይን እንያት። ጊምቢ አካባቢ «ጫካ» ብለን የምንሥለው ብዙ ጊዜ የቡና ቦታ ነው። ገበሬው ቁጥቋጦውን መንጥሮ፣ ዋንዛውንና ሌላውን የጥላ ዛፍ መርጦ አስቀርቶ፣ ከሥሩ ቡናውን ይንከባከባል። ከሩቅ ዱር ይመስላል፤ ውስጡ ሲገቡ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ማለት ይቻላል በሰው ምርጫ የቆመ ነው። የከተሞቻችንን ኮረብታ የሸፈነው ባሕር ዛፍም የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ የተተከለ ነው። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመው ኦዳ እንኳ ብቻውን አይደለም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የመከሩበት፣ የታረቁበት ጥላ ነው። ያ ጥላ ባይከበር ኖሮ ዛፉ ድሮ በተቆረጠ ነበር።

ወደ ፊንጫ እንመለስ። የፊንጫ ግድብ የተጠናቀቀው በ1973 ነው። ውሃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲጠራቀም የጮመን ረግረግና በዙሪያው ያለው መሬት ተዋጠ። የሚገርመው በዚህ ጉዳይ ላይ ከተሠሩት ዋና ዋና ጥናቶች አንዱ የቀረበው እዚያው ሆላንድ መሆኑ ነው። ብዙአየሁ ተፈራ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ በ2006 ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ሐይቁ በሰዎቹ ኑሮ ላይ ያመጣውን ለውጥ መርምረዋል። ከዚሁ ሥራ በወጣው አኃዝ መሠረት ውሃው የሸፈነው ረግረግ ብቻ አልነበረም። ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ረግረግ ሌላ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የግጦሽ መሬት፣ 18 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የእርሻ መሬትና ጥቂት ደን ከውሃ በታች ሆነዋል። ቁጥሩን ሳነብ የአባባ ጣት ትዝ አለኝ። ያ ጣት ያረፈው ከ120ው ካሬ ኪሎ ሜትር በአንዱ ላይ ነበር።

ልብ በሉ። በቤምስተር ሰዎች ሐይቅ አድርቀው ግጦሽ አወጡ። በፊንጫ ሰዎች ግጦሽ ላይ ሐይቅ አኖሩ። ሁለቱም የሰው ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ጥቅም አምጥተዋል፤ ከሁለቱም የተነሳ ኑሮው የተለወጠበት ሰው አለ። መብራት የምናበራ ሁሉ ከፊንጫ ውሃ ድርሻ እንዳለን አልክድም፤ ይህንን ጽሑፍ እንኳ ማታ ማታ በመብራት ነው የጻፍኩት። ነገር ግን ሐይቁን ከፍጥረት ጀምሮ እዚያ እንደነበረ አድርጌ ስሥለው ሐሰት ሥያለሁ። ማንንም ለመዋሸት ብዬ አይደለም። «ተፈጥሮ ቆንጆ ነው» ብዬ ብቻ ነው። ቁንጅናው ግን ሽማግሌውን ከገዛ አገራቸው ሥዕል አውጥቷቸዋል።

ታዲያ እንዴት እንሣል?

አብዛኞቻችን ነገ መምህራን ነን። አንድ ቀን እኛም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን «ተፈጥሮን ሣሉ» ማለታችን አይቀርም። ስለዚህ ከሆላንዶቹ የተማርኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ላካፍላችሁ።

1ኛ. ይህን መሬት እንዲህ ያደረገው ማነው? ማሳ፣ ቦይ፣ አጥር፣ የከብት መንገድ፣ የተመለመለ ዛፍ የሰው ምልክቶች ናቸው። ሰው ባይኖርበት እንኳ ሥራው ይታይ። ራይስዳል ሰዎቹን ሳይሆን ጨርቁን አሳይቶ እንደነገረን ማለት ነው።

2ኛ. ሰውየው እዚያ ምን እየሠራ ነው? ለጌጥ የቆመ ሰው ከማስገባት ችግኝ የሚኮተኩት፣ ከብት ውሃ የሚያጠጣ ሰው ማስገባት ይሻላል። ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። ትንሽነቱ ሰማዩ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያል እንጂ እሱን አያሳንሰውም።

3ኛ. ያስቀረሁት ምንድነው? ሁሉን መሣል አይቻልም። ነገር ግን ያስቀረነውን ማወቅ አለብን። ለዚህ ደግሞ ከቡሩሽ በፊት ሽማግሌ መጠየቅ ይቀድማል።

እኔም ሥዕሉን እንደገና ሠራሁት። ፀሐይዋን አስቀረኋት። አድማሱን ዝቅ አድርጌ ሰማዩን አሰፋሁ፤ በክረምት ሆሮ ላይ የሚከበውን ደመና አስገባሁ። ከፊት ለፊት፣ ውሃው ዳር፣ አንድ ልጅና ጥቂት ቀያይ ከብቶች አሉ። አባባ ከመሄዳቸው በፊት «ድሮ ከብት የምንነዳበት መንገድ ከኮረብታው ወርዶ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው» ብለውኝ ስለነበር ያንን መንገድ ሣልኩ። ከላይ ይመጣል፤ ከብቶቹ አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያ ውሃው ውስጥ ይገባል። የሚያውቅ ሰው ወዴት ይሄድ እንደነበር ያውቀዋል። የማያውቅ ደግሞ ቢያንስ «ይሄ መንገድ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ፎቶ አንስቼ በልጃቸው ስልክ ላክሁላቸው። በማግስቱ ደወሉ። ስለ ደመናው ምንም አላሉም። ስለ አድማሱም። «የመጀመሪያዋ ላም ቀንዷ ልክ አይደለም፤ የሆሮ ላም እንዲህ አትሆንም። መጥተህ እይና አስተካክል» አሉኝ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ባለፈው «እኛስ የት ነን?» ያሉት ሰው አሁን ከላሟ ቀንድ ጋር ነው የተጣሉት። ለበዓል ስሄድ ንድፍ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ።

ቸር ይግጠመን።